ኤሲ 3000ኤምኢ፦ ከመቶ ጥቂት ከሚበልጡት የአንዷ ባለቤት መሆን

ኤሲ 3000ኤምኢ የተባለችውን መኪና በመንገድ ላይ አይተው የሚያውቁ ሰዎች በተሠራችበት በእንግሊዝ አገር እንኳ ጥቂት ናቸው። ከ1979 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተሠርተው የወጡት በጠቅላላው ከመቶ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ከእነዚያም አንዷ የእኔ ናት። ሰዎች ስለ እርሷ ሲጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ፍጥነቷንና ዋጋዋን ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለችን መኪና መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አይገልጡም። በእኔ እምነት ባለቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ከመኪናዋ አካል የትኛው ከትልቅ ፋብሪካ ተገዝቶ የገባ፣ የትኛው ደግሞ አነስተኛው ኩባንያ ኤሲ በራሱ እጅ የሠራው መሆኑን ነው። ወጪውም፣ ድካሙም፣ ደስታውም የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

መኪናዋን ላላያት አንባቢ በአጭሩ ልግለጻት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ርዝመቷ አራት ሜትር ያህል ሲሆን ቁመቷ ከአንድ ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሞተሯ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት ለፊት በአግድም ተቀምጧል። አካሏ ፋይበር ግላስ፣ ሻንሲዋ (አካሉን የሚሸከመው መዋቅር) ብረት ነው። የፊት መብራቶቿ በማይበሩበት ጊዜ ወደ ውስጥ ይሰወራሉ፤ ከራስ በላይ ያለው የጣሪያዋ ክፍልም ተነቃይ ነው። ከሩቅ ለሚመለከታት ጣሊያን ሠራሽ ትመስላለች፤ ሲቀርቧት ግን የበር እጀታው፣ የመስታወቱ ጠርዝ፣ የመቀመጫው ስፌት በብዛት ከሚመረት መኪና ይልቅ በትእዛዝ የተሠራ የቤት ዕቃን ያስታውሳሉ።

ኤሲ ከእንግሊዝ አንጋፋ የመኪና ሠሪዎች አንዱ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጆን ዌለር የተባለ መሐንዲስና ጆን ፖርትዋይን የተባለ ሥጋ ነጋዴ በሽርክና የመሠረቱት ሲሆን፣ መጀመሪያ የታወቀው ለነጋዴዎች ዕቃ በምታደርስ ባለ ሦስት እግር መኪና ነበር። ዌለር በ1919 ያወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር እየተሻሻለ እስከ 1963 ድረስ ተሠርቷል። በ1926 የኤሲ መኪና የሞንቴ ካርሎን ራሊ በማሸነፍ ከእንግሊዝ መኪኖች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1953 ኤስ የተባለችው ክፍት መኪና ወጣች፤ በ1962 ደግሞ አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ በዚችው መኪና ላይ የፎርድን ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር በማስገጠም ኮብራን ወለደ። ዛሬ የኤሲን ስም የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው በኮብራ ነው።

ከዚህ ዝና ጎን ለጎን ግን ከለንደን ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በቴምስ ዲተን የነበረው ፋብሪካ እንጀራውን የሚያገኘው ብዙም ከማይወራለት ሥራ ነበር። በመንግሥት ትእዛዝ ለአካል ጉዳተኞች የሚታደሉትን ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር መኪኖች ይሠራ ነበር። ፋይበር ግላስ መሥራትን ሠራተኞቹ በዚያ ሥራ ተክነውበታል። ይህን የማነሣው ለታሪክ ማሟያ ያህል አይደለም፤ ውድ ስፖርት መኪናና የአካል ጉዳተኛ ማመላለሻ ከአንድ ኩባንያ መውጣታቸው 3000ኤምኢ ምን ዓይነት ሰዎች የሠሯት መኪና እንደሆነች በሚገባ ስለሚያስረዳ ነው።

የመኪናዋ መነሻ ሐሳብ ከኤሲ አልመጣም። ፒተር ቦሃናና ሮቢን ስቴብልስ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1972 ለንደን ውስጥ በተደረገ የእሽቅድድም መኪኖች ትርኢት ላይ ዲያብሎ የሚል ስም የሰጧትን፣ የኦስቲን ማክሲን ሞተር ከጀርባዋ የያዘች አንዲት የሙከራ መኪና አቀረቡ። በዴሪክ ኸርሎክ የሚመራው ኤሲ ይህችን ንድፍ ገዝቶ የማክሲውን ሞተር በፎርድ የሦስት ሊትር ቪ6 ተካው፤ በጥቅምት 1973 በኧርልስ ኮርት በተካሄደው የለንደን የመኪና ትርኢት ላይም ለሕዝብ አሳያት። በዚያው ወር ዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ። ለስፖርት መኪና ከዚያ የከፋ ወቅት አልነበረም።

ከትርኢቱ እስከ መጀመሪያዎቹ ገዢዎች ድረስ ስድስት ዓመት ያህል አለፈ። ለመዘግየቱ ዋናው ምክንያት ነዳጁ ሳይሆን ሕጉ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እያንዳንዱ አዲስ የመኪና ዓይነት ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የደኅንነት ማረጋገጫ እንዲያገኝ የሚያስገድድ ደንብ በማውጣቱ፣ መኪናን ከግንብ ጋር አላትሞ መፈተን ግዴታ ሆነ። ፎርድን ለመሰለ ኩባንያ ጥቂት መኪኖችን ሰብሮ መጣል ከሒሳብ የሚገባ ኪሳራ አይደለም፤ መኪና በጣት እየቆጠረ ለሚሠራ ኩባንያ ግን አንዷ ስትሰበር የወራት ሥራ አብሮ ይሰበራል። በ1976 በተደረገው ሙከራ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ከግንብ ጋር የተላተመችው መኪና ፈተናውን ወደቀች። ኤሲ ሻንሲውን እንደገና ነድፎ ሁለተኛ መኪና አቀረበ፤ እርሷም አለፈች።

ብዙዎች ይህን ታሪክ የኩባንያውን ደካማነት ለማሳየት ይጠቅሱታል፤ እኔ የምመለከተው በተቃራኒው ነው። ሻንሲውን በቅርብ የመረመረ ሰው ያ ውድቀት ምን እንዳስተማራቸው ያያል። ባለፈው ክረምት መቀመጫዎቹንና ምንጣፉን አንሥቼ ወለሉን ስፈትሽ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው የብረት ቅስት ከወለሉ ጋር የተያያዘበትን ስፌት በፋኖስ ብርሃን ተመለከትኩት። ብየዳው በእጅ የተበየደ መሆኑ ያስታውቃል፤ የብየዳው መስመር በአንድ ወገን ሰፋ፣ በሌላው ወገን ጠበብ ይላል፤ ነገር ግን አንድም ቦታ አልተቋረጠም፤ የላሜራው ጠርዝ በተጣጠፈበት ማዕዘን ላይም ማጠናከሪያ ብረት ተጨምሮበታል። ይህ መኪናዋ ብትገለበጥ የተሳፋሪዎቹን ራስ የሚያድነው ቅስት ነው። ማንም ገዢ የማያየውን ቦታ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ፋብሪካ ደካማ ሊባል አይገባም።

አሁን ከሌላ ተገዝቶ ወደ ገባውና ኩባንያው ራሱ ወደ ሠራው ልመለስ። ሞተሩ የፎርድ ነው፤ 2994 ሲሲ፣ 138 የፈረስ ጉልበት። ይኸው ሞተር በካፕሪ፣ በግራናዳ፣ በትራንዚት ቫን ሳይቀር ስለተገጠመ መለዋወጫው ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፤ የሚያውቀው መካኒክም ሞልቷል። ድክመቶቹም የታወቁ ናቸው። ካምሻፍቱን (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ጥርስ ከብረት ሳይሆን ከፋይበር የተሠራ በመሆኑ በዕድሜ ብዛት ይረግፋል፤ ስለዚህ ሞተሩ በተከፈተ ጊዜ በብረት ማስለወጥ ብልህነት ነው። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጭን ዘንግም ማዕዘኖቹ በመበላት ሊከዳ ይችላል፤ እርሱ ከከዳ ዘይት ወደ ሞተሩ መድረሱን ያቆማል። በዚህ ምክንያት ስነዳ ከፍጥነት መለኪያው ይልቅ የዘይት ግፊት መለኪያውን ደጋግሜ አያለሁ። ሌላው ችግር ከሞተሩ ሳይሆን ከአቀማመጡ የሚመጣ ነው። ሞተሩ በአግድም በመተኛቱ ሦስቱ ሲሊንደሮች ፊታቸውን ወደ ተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ አዙረዋል። የእነዚያን ካንዴላዎች መለወጥ በዓይን የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ እጅን በጠባቡ ክፍተት አስገብቶ በዳሰሳ መፍታትና በዳሰሳ ማሰር ይጠይቃል። ጥርሱ እንዳይሳት መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ በአጭር የጎማ ቱቦ ጫፍ ማዞር ይገባል፤ ቁልፍ የሚነካው በመጨረሻ ነው።

ካምቢዮው ግን የኤሲ ነው። አምስቱ ማርሾች በእሽቅድድም መኪና ካምቢዮ ከታወቀው ከሂውላንድ የተገኙ ሲሆኑ፣ የካምቢዮው ቤት በራሱ በኤሲ ተነድፎ የተሠራ ነው። የሞተሩ ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚደርሰው ሦስት ረድፍ ባለው ወፍራም ሰንሰለት ነው። ይህን የመሰለ አሠራር ከዚህች መኪና ውጭ አይቼ አላውቅም። የሰንሰለቱ ድምፅ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ከጀርባ ይሰማል፤ መኪናዋን ለረዥም ጊዜ የያዘ ሰው ሁለቱን ለይቶ ያዳምጣል። ሰንሰለቱ ሲላላ ጋዝ ተለቆ እንደገና በሚረገጥበት ቅጽበት አጭር የመንቋቋት ድምፅ ይሰጣል። መካኒኩ መኪናዋን በቆመችበት ብቻ ከመረመራት ይህን ሊሰማው አይችልም፤ አብሮ መሳፈር አለበት።

የእነዚህ ክፍሎች መለዋወጫ ከሱቅ አይገዛም። የኤሲ ባለቤቶች ክበብ አባላት አልፎ አልፎ ተባብረው አንዳንዱን ክፍል በጥቂት ቁጥር ያሠራሉ፤ ያልተሠራውን ግን ባለቤቱ ራሱ ማሠራት ይኖርበታል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ለአሮጌ ፊያት ወይም ለጭነት መኪና የጠፋ ዕቃ ሲያስፈልግ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ በናሙና ማስቀረጽ እዚያ የየዕለት ሥራ ነው፤ እንግሊዝ አገር ግን እንዲህ ያለ ሥራ የሚቀበሉ ሰዎች እየተመናመኑ ነው። ከማርሽ ማስገቢያው እስከ ካምቢዮው የሚደርሰው ዘንግ ረዥም በመሆኑ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያሉት ቦኮላዎች (ዘንጉ የሚንቀሳቀስባቸው ቀለበቶች) ጥቂት ሲበሉ እንኳ ማርሹ ቦታውን ይስታል፤ ሁለተኛ ሲፈለግ አራተኛ ይገኛል። አሮጌዎቹን ቦኮላዎች አውጥቼ፣ ያልተበላውን ወገናቸውን በማይክሮሜትር ለክቼ፣ ሥዕላቸውን በወረቀት ካወጣሁ በኋላ በጡረታ ላይ ላሉ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ወሰድኩላቸው። ሥዕሉን ተመልክተው መጀመሪያ የጠየቁኝ ዘንጉ የት እንደሚሞቅ ነበር። ከነሐስ ቀርጸው፣ ለቅባት የሚሆን ቦይ በውስጣቸው አውጥተው ሰጡኝ። ከተገጠሙ በኋላ የማርሹ አገባብ አዲስ መኪና የያዝኩ ያህል ተለወጠ። ሥዕሉን በክበቡ በኩል ሌሎች ባለቤቶች እንዲደርሳቸው አድርጌያለሁ፤ ከመቶ ጥቂት ለሚበልጡ መኪኖች እውቀትን ደብቆ መያዝ መኪኖቹን እንደ መግደል ነውና።

ፋይበር ግላሱ ከላሜራ በተለየ አይዝግም፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ይሁን እንጂ አያያዙን የማያውቅ ሰው እጅ ከገባ ይሰነጠቃል። ጎማ ለማስቀየር በሄድኩበት አንድ ጋራዥ ክሪኩን ከሻንሲው ሳይሆን ከአካሉ ጠርዝ ሥር አስገብተው ስላነሡት ከበሩ ሥር የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክሪክ የሚገባባቸውን ነጥቦች በሥዕል አድርጌ ከመኪናዋ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ መኪናዋ ስትነሣም ከአጠገቧ አልርቅም። እንደ እኔ ላለ ባለቤት ከስንጥቁ ይልቅ የሚያሳስበው ከፋይበሩ ሥር የተሸሸገው ብረት ነው። መኪናዋ ከውጭ እያማረች ወለሏ ሊበላ ስለሚችል፣ ልግዛ የሚል ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ምንጣፉን ያስነሣ።

በወጪ በኩል አንዳንድ ነገሮች ለባለቤቱ ይመቻሉ። በእንግሊዝ ሕግ ከተሠሩ 40 ዓመት ያለፋቸው መኪኖች የታሪካዊ መኪና ምዝገባ ሲያገኙ ከመንገድ ግብር ነጻ ይሆናሉ፤ ጉልህ ለውጥ ካልተደረገባቸውም ዓመታዊው የደኅንነት ምርመራ አይጠየቅባቸውም። የለንደን የጭስ ልቀት ቀጠና በነሐሴ 2023 ወደ ከተማይቱ አውራጃዎች ሁሉ ሲሰፋ ብዙ አሮጌ መኪኖች ክፍያ ተጥሎባቸዋል፤ ታሪካዊ ምዝገባ ያላቸው ግን ከዚያም ነጻ ሆነዋል። እኔ ምርመራውን ሕጉ ባያስገድደኝም በየዓመቱ አስደርጋለሁ፤ ፍሬንና መሪን ሌላ ዓይን ቢመለከታቸው ምንም አልጎዳም። የመድን ውሉም መኪናዋ ብትጠፋ የሚከፈለው ገንዘብ አስቀድሞ በስምምነት የሚቆረጥበት ዓይነት መሆን አለበት፤ አለዚያ ተመሳሳይ መኪና በገበያ ስለማይገኝ ዋጋዋን የሚያውቅ አይኖርም።

ቤንዚኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ከመስከረም 2021 ወዲህ በእንግሊዝ ማደያዎች የሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ይዟል። ኤታኖል በዘመኑ የተሠሩትን የጎማ ቱቦዎች ያደርቃል፣ ያለሰልሳል፤ ውሃም ይስባል። ሞተር ከጀርባ በታሰረባት መኪና ውስጥ የሚያንጠባጥብ የነዳጅ ቱቦ ማለት ከትኩስ ብረት አጠገብ የሚያንጠባጥብ ቤንዚን ማለት ነው። ስለዚህ የምቀዳው ኤታኖሉ አነስተኛ የሆነውን ከፍተኛ ደረጃ ቤንዚን ሲሆን፣ ቱቦዎቹንም በሙሉ ኤታኖል በሚችል አስለውጫለሁ። እሳት ማጥፊያው ከመቀመጫው ሥር ሳይሆን እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ታስሯል።

ስለ አነዳዷ በተሠራችበት ዘመን ብዙ ቅሬታ ተጽፎባታል። ከ11 ሺህ ፓውንድ በላይ ይጠየቅባት ስለነበር ከሎተስ ኤስፕሪትና ከፖርሼ ጋር ትመዘን ነበር፤ ከዜሮ በሰዓት 60 ማይል (97 ኪሎ ሜትር ያህል) ለመድረስ ስምንት ሰከንድ ተኩል ያህል የምትፈጅና ፍጥነቷ በሰዓት በ190 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያበቃ መኪና በዚያ ሚዛን ላይ ቀለል ብትል አይገርምም። ነገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም መኪናዋን ለማወቅ ያ ሚዛን አይበቃም። በሰሪ አውራጃ ከዶርኪንግ ከተማ በስተደቡብ ባሉት ኮረብታዎች መካከል፣ ግንድና ሥሩ በመንገዱ ግራና ቀኝ በሚታይበት ጠባብ መንገድ ላይ ስነዳት የፎርዱ ሞተር ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ በሦስተኛ ማርሽ ያለ ጭንቀት ይጎትታል። ከፊት ክብደት ስለሌለ መሪው ቀላል ነው፤ የመንገዱን ጠባሳ ሁሉ ለእጅ ያደርሳል። አራቱም ጎማዎች በድርብ ክንድ ላይ የተንጠለጠሉ በመሆናቸው መኪናዋ በጉድጓድ ላይ ስታልፍ አትዘልም። ሊጠነቀቁት የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ኩርባ መሐል ገብቶ በድንገት ከጋዝ ላይ እግር ማንሣት ነው። ክብደቱ ከኋላ ስለሆነ፣ በተለይ መንገዱ እርጥብ ሲሆን፣ የኋላው ወገን ወደ ውጭ ሊሸሽ ይፈልጋል። ፍጥነትን ከኩርባው በፊት ቀንሶ፣ ውስጥ ከገቡ በኋላ ጋዙን በልኩ እንደ ረገጡ መውጣት መድኃኒቱ ነው። ይህን ለለመደ ሰው መኪናዋ እጅግ ታማኝ ናት።

ኃይሏ አነሰን ላሉ ሰዎች ሮቢን ሩ የተባለ ባለሙያ በዚያው ዘመን ቱርቦ እየገጠመ ይሰጥ ነበር። ለእኔም ይህን እንዳደርግ የመከሩኝ አሉ። ቱርቦ የተገጠመላቸው መኪኖች ራሳቸው የታሪኩ አካል ስለሆኑ ሊከበሩ ይገባል፤ የእኔን ግን አልነካትም። ሰንሰለቱና ካምቢዮው ለ138 ፈረስ ጉልበት የተሰናዱ ናቸው። ከፎርዱ ሞተር ተጨማሪ ኃይል ማውጣት ቀላል ቢሆንም፣ ያ ኃይል የሚያልፈው ምትክ በሌለው በኤሲ የእጅ ሥራ በኩል ነው።

ኤሲ በ1984 በቴምስ ዲተን ይህችን መኪና መሥራት አቆመ። ፈቃዱን የወሰደው አዲስ ኩባንያ በግላስጎው አጠገብ በሂሊንግተን ሠላሳ ያህል መኪኖች ከሠራ በኋላ በ1985 ተዘጋ፤ የአልፋ ሮሜዮ ቪ6 የተገጠመላት ተተኪ መኪናም ከሙከራ አላለፈችም። ያቺ ተተኪ ገበያ ብትደርስ ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር አሁንም አስባለሁ፤ ይበልጥ ቀላልና ይበልጥ ፈጣን ሞተር በዚያ ሻንሲ ላይ ዘመኑ ሲፈልገው የነበረ ነገር ይመስለኛል።

ለመጪው ክረምት የያዝኩት ሥራ የማቀዝቀዣው መስመር ነው። ራዲያተሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከጀርባ በመሆኑ ውሃው የመኪናዋን ወለል ከዳር እስከ ዳር በረዣዥም ቧንቧዎች ተጉዞ ይመለሳል፤ በመንገዱ አየር ከቀረ ሞተሩ ይሞቃል። ቧንቧዎቹን በማይዝግ ብረት ለማስቀየር ልኬቱን ወስጃለሁ፤ ጫፎቻቸው ላይ የሚታሰሩት ጎማዎች እንዳይንሸራተቱ ከንፈር ማውጣት ስለሚያስፈልግ የቶርኖ ባለሙያው ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ። ሥራው ሲያልቅ ሥዕሉ እንደ ቦኮላው ሁሉ ለክበቡ ይላካል።